«ወረራ» ክተት አይደለም፤
ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ አጀማመር በተጻፉት ላይ የቀረበ ሂስ

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ «ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ለአንድ ተማሪ ብናነሣለት፣ ቀድሞ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው በመሥመር የተከፋፈለ የቁጥር ዝርዝር ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ሰንጠረዥ አለው፤ የእግር ኳስ ቡድኖች ደረጃ በሰንጠረዥ ይገለጻል፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርትም ያለ ሰንጠረዥ አይቀርብም። ለዚህ ሁሉ ስሙን ያዋሰው ጨዋታ ግን በተማሪው ዘንድ ሌላ ስም አለው፤ «ቼዝ» ይለዋል። ገበታው ከነመሥመሩ በቋንቋችን ውስጥ ሲቀር ጨዋታው ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ በምኖርበት በጀሞ የተነሣ ክርክር ነው። ጀሞ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ የሚታወቅ ሰፈር ነው። በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ወጣቶች ወደ ማታ ተሰብስበው በስልካቸው ቼዝ ሲጫወቱ አያለሁ። አንድ ቀን ከእነርሱ መካከል የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የሆነ ልጅ፣ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ በተመለከተ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መግለጫ አንብቦ ኖሮ፣ «ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ ጠጠራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ጨዋታ እንዴት ውድድር ሊባል ይችላል? መጀመሪያው ሕግ የለውምና» አለኝ። በችኰላ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ስለ ጨዋታው የተጻፉትን እንደገና ስመለከት፣ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የመግለጫዎቹ አጻጻፍ መሆኑን ተረዳሁ። የዚህ ሂስ ዓላማ ይህንኑ ማሳየት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ላስታውስ። ሰንጠረዥ ከሕንድ «ቻቱራንጋ» የመነጨው፣ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዓረብ «ሻትራንጅ» የተባለው ጨዋታ በአገራችን የያዘው መልክ ነው። ገበታው ስምንት በስምንት ሆኖ ስድሳ አራት ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን እንደ ዛሬው ቼዝ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር አይደሉም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መሥመር ይወጣለት ነበር። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደርና ፈረስ እንደ ዛሬው ቼዝ ይሄዳሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ መደቅም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ይራመዳል እንጂ ሁለት ቤት ለመዝለል አልተፈቀደለትም። መደቅ የሚለው ስም ከዓረብኛው «በይደቅ» ጋር ዘመድ መሆኑን ጆሮ ብቻውን ይመሰክራል። ፊልም የዓረብኛ ዝሆን ነው፤ ዝሆን ሞልቶ በነበረበት አገር ለዝሆን የባዕድ ስም ተሰጥቶት መኖሩ ጨዋታው በየት በኩል እንደ ገባ ያመለክታል።

የኢትዮጵያው ጨዋታ ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለይበት አጀማመሩ ነው። ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተም የራሱን ይለውጣል፣ ያደረገውንም መልሶ ሌላ ያደርጋል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ይህ የመጀመሪያው ክፍል «ወረራ» ይባላል።

ስለዚህ ነገር የጻፉት ሰዎች ብዙ አይደሉም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የነበረ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ዞርዚ በሰበሰባቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ይገኛል፤ ስለ አጨዋወቱ ግን ከዚያ የምናገኘው ትምህርት የለም። በ1805 እና በ1810 ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት ጨዋታው በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የተወደደ መሆኑን አይቷል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ደግሞ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ሕጉ ጭምር ጽፏል። መሪ በ1913 ባሳተመው ታላቅ የቼዝ ታሪክ የተጓዦቹን ቃል ሰብስቦ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ በሻትራንጅ ዘሮች መካከል አስቀመጠው። ከሁሉም ይልቅ የተሟላው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በ1971 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ፕሮፌሰሩ ጨዋታው ከጣልያን ወረራ በኋላ እንደ ጠፋ መዝግበዋል። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የምንከራከርበት ነገር እንኳ ባልኖረን ነበር፤ ስለዚህ የሚከተለው ነቀፌታ ከምስጋና በኋላ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ችግር በቃሉ ትርጕም ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚወጡት መግለጫዎች ወረራን «ሠራዊት ማሰለፍ» ወይም «ማሰናዳት» በሚል ስሜት ይፈቱታል። ነገር ግን በአማርኛ ሠራዊት ለመሰብሰብና ለማሰናዳት ቃል አጥተን አናውቅም፤ ያ ክተት ነው። በ1895 አፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ለመዝመት ያወጁት ክተት እንጂ ወረራ አልነበረም። ለማሰለፍም ቢሆን አሰላለፍ የሚል ስም አለን። ወረራ ግን ሌላ ነው። የወረረ ሰው የራሱ ያልሆነውን መሬት ረግጧል፤ ስለ አንበጣም፣ ስለ ጠላት ጦርም፣ ስለ በሽታም እንናገረዋለን፤ ወረርሽኝ የሚለው ቃል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ጨዋታውን ይጫወቱ የነበሩት መኳንንትና ወታደሮች ዕድሜያቸውን በዘመቻ ያሳለፉ ስለ ሆኑ፣ በክተትና በወረራ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋባቸዋል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን እያወቁ ይህንኛውን መርጠዋል።

በርግጥ ለተርጓሚዎቹ መከራከሪያ የሚሆን አንድ ጠንካራ ነገር አለ። የባግዳድ ሻትራንጅ ሊቃውንት፣ በ9ኛው መቶ ዓመት አል-ዓድሊ፣ ከእርሱም በኋላ በ10ኛው መቶ ዓመት አስ-ሱሊ፣ ስለ ጨዋታው አጀማመር መጻሕፍት ጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚደርስበትን የተወሰነ አቋም «ተዕቢያ» ይሉታል፤ ይህም በእውነት የሠራዊት አሰላለፍ ማለት ነው። ጠጠሮቹ ዘገምተኞች ስለ ሆኑ ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ብዙ እርምጃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ የሌላውን እርምጃ ብዙ ሳይጨነቁበት ወደሚወዱት አቋም ይሄዱ ነበር። የእኛ ወረራ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው ቢባል አልቃወምም። ነገር ግን ልማዱና ሕጉ አንድ አይደሉም። በባግዳድ ተጫዋቹ ለሌላው ብዙ ትኵረት ባይሰጥም ተራውን ይጠብቅ ነበር። በኢትዮጵያ ተራው ራሱ ተሽሯል። ደግሞም ከዓረቦቹ አጀማመሮች አንዱ «ሰያል»፣ ማለት ጎርፍ፣ ይባል እንደ ነበር እናውቃለን፤ እነርሱም ቢሆኑ አሰላለፍ ብቻ እንዳልሆነ ሳይሰማቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ የአውሮፓን መንገድ ማነጻጸር ይጠቅማል። አውሮፓውያንም በዚሁ የመጀመሪያ ዝግመት ተቸግረው ነበርና መደቁ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት እንዲሄድ ፈቀዱ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይም ፈርዙን ንግሥት ወደምትባለው ኀይለኛ ጠጠር፣ ፊሉንም በሰያፍ እንደ ልቡ ወደሚሄደው ጠጠር ለወጧቸው። ዓረቦች ዝግመቱን በመጽሐፍ ትምህርት አሸነፉት፤ አውሮፓውያን የጠጠሮቹን ጕልበት በመጨመር፤ ኢትዮጵያውያን ጠጠሮቹን እንዳሉ ትተው ጊዜውን ለወጡት። ይህ ሦስተኛው መፍትሔ ከሌሎቹ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። መሪ ግን የጨዋታዎችን የትውልድ ሐረግ ለመሥራት የተነሣ ሰው በመሆኑ፣ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ በዋነኛነት የጥንቱ ሻትራንጅ ቅሬታ አድርጎ ያየዋል። ቅሬታ ተብሎ የተመደበ ነገር ደግሞ አዲስ ሐሳብ ይወልዳል ተብሎ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው የከፋ ነው። መግለጫዎቹ «የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ» ብለው ሕጉን የጊዜ ወሰን ያስመስሉታል፤ ወረራው እንደ ደወል በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወረራውን የሚጨርሰው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ መቼ እንደሚጨርሰውም የሚወስነው እርሱ ነው። የበላው ሰው ተራውን ለተበላው አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ መብላት በዚህ ስፍራ ትርፍ ብቻ ሳይሆን ዋጋ የሚከፈልበት ውሳኔ ነው። ይህን በመጽሐፍ ከማሰብ ይልቅ በገበታ መፈተን ይሻላል ብዬ ከልጆቹ ጋር ለመጫወት ወሰንሁ። አንዲት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ሰፋችልን፤ ጠጠሮቹን ከተለመደው የቼዝ ዕቃ ወሰድን፤ ለጥቂት እሑዶች ከሰዓት በኋላ ተጫወትን።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ተፈራው ነበር። እጅ ከእጅ ተጋጨ፣ ጠጠር ወደቀ፣ ሳቅ ሆነ፤ ወረራው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቈየም። ሕግ የለውም ያለው ተማሪ እኔን «አላልሁም?» በሚል ዐይን ተመለከተኝ። በሁለተኛው ጨዋታ ግን ከልጆቹ አንዱ ዝም ብሎ ፈረሱን አነሣና በአራት ዝላይ ከባላጋራው ፈረስ ፊት ያለውን መደቅ በላ። የግራው ፈረስ በመጀመሪያው ዝላይ ወደ ሦስተኛው ረድፍ፣ በሁለተኛው ወደ አራተኛው ረድፍ ጠርዝ፣ በሦስተኛው ወደ አምስተኛው ረድፍ ይደርሳል፤ በአራተኛው መደቁ ላይ ያርፋል። ገበታውን ዘርግቶ ለሚመረምር ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠጠሮቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ከስምንቱ መደቆች ስድስቱ ጠባቂ አላቸው፤ በጠርዝ ያሉትን ደር ይጠብቃቸዋል፣ በመካከል ያሉትን ንጉሡ፣ ፈርዙና ፈረሶቹ ይጠብቋቸዋል፤ በየፈረሶቹ ፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ ጠባቂ የላቸውም። ፊሉ አጠገባቸው ቢቆምም የሚዘለው ወደ ሁለተኛው ቤት ስለ ሆነ አይጠቅማቸውም። በተራ በሚሄድ ጨዋታ ይህ ድክመት ምንም አይደለም፤ ባላጋራው አራት ጊዜ እስኪዘል ሦስት ጊዜ መልስ እንሰጣለንና። በወረራ ግን በአንድ ትንፋሽ ይፈጸማል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ያስደነቀኝ። ማንም ሳያስተምራቸው፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሁሉም አስቀድመው በፈረሶቻቸው ፊት ያሉትን መደቆች አንድ ቤት አራመዱ። መደቁ አንድ ቤት ከሄደ በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ በሰያፍ ይጠብቁታል፤ ከዚህም በላይ ፈረሱ በሦስተኛው ዝላይ የሚያርፍበትን ቤት ራሱ ያስፈራራል። እንግዲህ ሕግ የለውም የተባለው ክፍል በሁለተኛው ጨዋታ የራሱን ሕግ አስተማረ። በወረራ ውስጥ ያለ ተጫዋች የሚጠይቀው የቼዝ ተጫዋች የሚጠይቀውን፣ «በሚቀጥለው እርምጃ ምን ያደርገኛል?» የሚለውን አይደለም፤ «ዐይኔን ብጨፍን ምን ያህል ሊደርስብኝ ይችላል?» የሚለውን ነው። የወረራ ጥበብ ርቀትን የመለካት ጥበብ ነው። ድንበሩን ሳያጥር ወደ ሰው ድንበር የገባ ወራሪ ጀርባውን ይወረራል፤ ይህም የቃሉን ትርጕም ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በተሻለ ያብራራል።

የአንድ መደቅ መጥፋት ቀላል ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የጨዋታውን ፍጻሜ ያስታውስ። በሰንጠረዥ ንጉሥን መያዝ ሁሉ እኩል ክብር የለውም። በደር ወይም በፈረስ የያዘ ብዙ አይመሰገንም፤ በፊል የያዘ ይሻላል፤ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቆች ያስጨነቀ ይወደሳል። ሠራዊቱን ሁሉ ያጣ ብቸኛ ንጉሥ ደግሞ አይያዝም፤ ጨዋታው ያለ ድል ያበቃል። እንዲህ ከሆነ በወረራ ጊዜ በግዴለሽነት የተበላ መደቅ በመጨረሻ የሚገኘውን ክብር ከመንገዱ የቈረጠ ነው። ይህን ማሰሪያ፣ የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር፣ ካነበብኋቸው መግለጫዎች አንዱም አጥብቆ አልያዘውም፤ አጀማመሩን በአንድ አንቀጽ፣ አጨራረሱን በሌላ አንቀጽ እንደ ሁለት የተለያዩ ብርቅ ነገሮች ያስቀምጧቸዋል።

በሦስተኛው እሑድ ጨዋታው ዝግ አለ። መደቆች በገበታው መካከል ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ እያንዳንዱ ጠባቂ ስላለው ቀድሞ የሚበላ ሁሉ መልሶ ይበላል፣ ተራውም የሌላው ይሆናል። ስለዚህ ማንም አይበላም። ደሩን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል፣ ፈርዙን ያስጠጋል፣ መልሶ ያርቃል፤ ሌላውም እርሱን አይቶ ያስተካክላል። በዛሬው ቼዝ ነጩ ስለሚቀድም የአንድ እርምጃ ብልጫ አለው፤ የአጀማመር ትምህርት ሁሉ የተሠራው በዚህ ብልጫ ላይ ነው። በወረራ ቀዳሚ የለም፤ በቀዳሚነት ፈንታ ያለው የመጀመር ሥልጣን ነው፤ እርሱንም የተጠቀመበት ሰው ወዲያው ያስረክበዋል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ስለ ሕግ መከራከሩን ትቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ «እዚህ ላይ የሚያሸንፈው እጁ የፈጠነው አይደለም» አለ፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ ምስክርነት የሚበልጥ ሆነ።

ስለ እጅ ፍጥነት ካነሣን አንድ ሌላ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ይህ ከጨዋታ ሕግ ይልቅ የማኅበራችንን ጥናት ይመለከታል። በአገራችን ሥርዐት ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ ከመሶብ አይቈርስም፤ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። ተራ የሌለው ጨዋታ በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ እንዴት ሊኖር ቻለ? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በጀሞ ባየሁት ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤቴ ሊሞክሩ ተቀመጡና ባላጋራቸው የነበረው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው። እርሳቸውም «በወረራ ቀዳሚና ተከታይ አለ እንዴ፣ ልጄ? ያዝ እንጂ!» አሉት። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው እርሳቸው አንድ ሲያደርጉ አንድ፣ ሁለት ሲያደርጉ ሁለት ብቻ ያደርግ ነበር። ሕጉ የሻረውን ተራ አክብሮት መልሶ አቆመው።

እንግዲህ ጨዋታው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት በነበረ ጊዜ፣ ከጌታው ፊት የተቀመጠ ሰው እጁን ምን ያህል ማፍጠን ይችል ነበር? ተጓዦቹ እንደሚመሰክሩት በዙሪያ የቆሙት ሁሉ በጨዋታው ይናገሩ፣ ይመክሩ ነበር፤ ለእነርሱ ይህ የሥርዐት ጕድለት ሆኖ ታይቷቸዋል። እኔ ግን ከዚህ የተለየ አስተያየት አለኝ። ጌታው ፊት መድፈር ለማይችል ተጫዋች የተመልካቹ ጩኸት መሸሸጊያ ይሆናል፤ እርምጃው የእርሱ ሳይሆን የሕዝቡ ይመስላልና። ይህ ግምት ነው፤ ግምትነቱን አልደብቅም። ነገር ግን እቴጌ ጣይቱን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች የተጫወቱትን ጨዋታ የደረጃን ነገር ወደ ጎን ትቶ ስለ ጠጠር እርምጃ ብቻ መጻፍ፣ ከጨዋታው ግማሹን መተው ነው።

በእኛ ሙከራ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ። እነዚህ ልጆች ያደጉት በተራ በሚሄድ ቼዝ ነው፤ የእነርሱ ልማድ በጎንደር ወይም በእንደርታ የነበረውን ሊመሰክር አይችልም። እውነት ነው። እኔም የጥንቶቹ እንዴት እንደ ተጫወቱ አሳየሁ አልልም፤ ሕጉ ተጫዋቹን ምን እንዲያደርግ እንደሚያስገድደው ግን ማንም ሰው በማንኛውም ስፍራ ሊፈትነው ይችላል። ጠባቂ የሌላቸው ሁለት መደቆች በጀሞም ሁለት ናቸው፣ በእንደርታም ሁለት ነበሩ።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ብቻ መስሎ እንዳይታይ የሚያሰጋኝን ልግለጽ። ሰንጠረዥን ለማደስ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ፍላጎታቸው የሚደገፍ ነው። ወረራ መሰናዶ ብቻ ነው ተብሎ ከተጻፈ ግን ማንም አስተዋይ አዳሽ መጀመሪያ የሚያሳጥረው እርሱን ነው። የእኛም ልጆች ይህንኑ አሰቡ፤ «ለእያንዳንዳችን አሥር አሥር እርምጃ ይፈቀድና በተራ እንጀምር» አሉ። ሞከርነው። እጅ አልተጋጨም፣ ጠጠር አልወደቀም፣ ጨዋታውም በጣም ጸጥ አለ፤ የተጫወትነው ግን ሻትራንጅ ነበር። አሥሩ እርምጃ ከማለቁ በፊት ማንም ሊበላ ስለማይችል ርቀት መለካት ቀረ፤ ከአሥሩ በኋላ ደግሞ ቀዳሚ ስላለ የመጀመር ሥልጣን ቀረ። ከሰንጠረዥ የተረፈው ቀዩ ጨርቅ ብቻ ሆነ።

በአመዘጋገብም በኩል አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። የዛሬው የቼዝ አጻጻፍ እርምጃዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በተራ ይቈጥራል፤ ተራ የሌለውን ክፍል በዚህ መንገድ ለመጻፍ መሞከር ወረራውን ሳናውቀው ወደ ተራ መመለስ ነው። እኛ በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ያደረግነው እንዲህ ነው፤ የወረራውን እርምጃዎች ሁሉ ትተን የመጀመሪያው ጠጠር ሊበላ እጅ በተነሣበት ቅጽበት ገበታው የነበረውን መልክ በሥዕል እንወስዳለን፤ ከሥሩ ማን እንደ በላ፣ በምን እንደ በላ፣ ወረራውም ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ በተራ እንቈጥራለን። ያጭሩ ወረራ ግማሽ ደቂቃ ያልሞላው የመጀመሪያው ነበር፤ የረጅሙ አርባ ደቂቃ አልፎት ማንም ሳይበላ መሸ።